በሥራ ቦታ ሁሉን የሚያካትት መመሪያ ይቅር ወይስ ይጽና?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)







የምሥረታ በዓል የተገኘውን ውጤት መዘርዘሪያ ብቻ ሳይሆን ራስን መመርመሪያም ጭምር ነው። ስለሆነም የዛሬው ንግግር በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ይኸውም ዩኒየኖችና ሌሎች ድርጅቶች ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች በር የሚከፍት የቅጥርና የሥራ ቦታ መመሪያ ይዘው ይቀጥሉ ወይስ «ድርጅቱ የቆመው ለትርፍ ነው» በማለት ይተዉት የሚለው ነው።

ጥያቄው በሌላውም ዓለም የሚያከራክር ሆኗል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥቱን የብዝኃነትና የአካታችነት ፕሮግራሞች የሚያስቆም ትእዛዝ ፈርመዋል። ዎልማርትንና ታርጌትን የመሳሰሉ ታላላቅ የንግድ ኩባንያዎችም መርሐ ግብራቸውን ቀንሰዋል። በአንጻሩ የኮስትኮ ኩባንያ ባለአክሲዮኖች፣ የኩባንያው መመሪያ የሚያስከትለው ስጋት እንዲጠና የቀረበላቸውን ሐሳብ በዚያው ወር ከመቶ 98 በሚበልጥ ድምፅ ውድቅ አድርገውታል። የዚያ አገር ክርክር በአመዛኙ ከራሱ የዘር ልዩነት ታሪክ የመነጨ በመሆኑ እንዳለ ተገልብጦ ሊመጣ አይችልም። የሚወሰደው ትምህርት ግን አለ። ባለቤቶቹ ያላመኑበት መመሪያ ጊዜው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ ያመኑበት ግን ይጸናል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ለአሠሪው በጎ ፈቃድ ብቻ የተተወ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከቆየው የበታችነት ታሪካቸው የወረሱትን ችግር ለማስወገድ ልዩ ድጋፍ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳተኞች ቅጥር ላይ አድልዎ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ አሠሪውም የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው አመቺ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ሴት ተወዳዳሪ ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ስታመጣ ቅድሚያ እንዲሰጣት፣ ስትወልድም 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር እንድታገኝ ያዛል።

ታዲያ ሕጉ ካለ መመሪያው ለምን ያስፈልጋል? ሕጉ በሩ እንዳይዘጋ ያዛል እንጂ የክፍት ቦታ ማስታወቂያው የት እንደሚለጠፍ አይናገርም። ቡና በሚያቀርቡ ድርጅቶች ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ በእጃቸው የሚለቅሙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ለዓመታት የለቀመች ሴት የቡናውን ጉድለት በዓይኗ ለይታ ታውቃለች። ይሁንና የጥራት ተቆጣጣሪ ወይም የቡና ቀማሽ ቦታ ሲከፈት ወሬው በቢሮ አካባቢ ብቻ ተነግሮ ከቀረ፣ ይህች ባለሙያ ሳትወዳደር ትቀራለች። በዚህም ተጎጂው ድርጅቱ ራሱ ነው።

በመመሪያው ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች በቅንነት ሊደመጡ ይገባል። አንደኛው ችሎታ ይጎዳል የሚለው ነው። ያለ ችሎታ መቅጠር ተቀጣሪውንም ድርጅቱንም እንደሚጎዳ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው እኩል ውጤት ላመጣች ሴት እንጂ ለወደቀች አይደለም።

ሁለተኛው ወጪ ይበዛል የሚለው ነው። ጥቂት ሠራተኞች ባሉት ዩኒየን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በግዢ ወቅት በወሊድ ምክንያት አራት ወር ብትለይ ሸክሙ እውነተኛ ነው። መፍትሔው ግን ሴት አለመቅጠር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሥራ ሁለተኛ ሰው ማሠልጠን ነው። ሰው ይታመማል፣ ሥራም ይለቃል፤ ስለዚህ ይህ ዝግጅት ለማንኛውም የሚያስፈልግ ነው።

ሦስተኛው፣ መመሪያው የውጭ ገዢዎችና ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ የሚታይ ወረቀት ብቻ ነው የሚለው ነው። ይህ ወቀሳ በሚገባው ቦታ ሁሉ እውነት ነው። ስለሆነም መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ ወደ ሥራ ይውጣ እንጂ አይቀደድ።

ከሁሉም በላይ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከኩባንያ የሚለይበት ነገር አለ። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 እ.ኤ.አ. ባጸደቃቸው መርሆዎች ውስጥ የመጀመሪያው፣ አባልነት በጾታ፣ በዘር፣ በፖለቲካም ሆነ በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግ በፈቃደኝነት ላይ ተመሥርቶ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። በቅጥር በር ላይ የምትቆመውም የአባል ሚስት ወይም ልጅ ልትሆን ትችላለች። አባሉ በጉባኤ እጁን ሲያወጣ የሚወስነው ስለ ራሱ ቤት ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ መልካም ነው። የክፍት ቦታ ማስታወቂያ በየመሠረታዊ ማኅበሩና በየመልቀሚያው አዳራሽ ይነበብ። መጋዘኖችና ቢሮዎች ሲታደሱ የክራንችና የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ይሠራላቸው። የሥራ አመራር ቦርዱም ስንት ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንደተቀጠሩ ብቻ ሳይሆን ስንቶቹ እድገት እንዳገኙ በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ሪፖርት ያቅርብ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ከሃምሳው ገሚሱ በር ላይ ከቀረ ግን ሸክሙ የሚከብደው በቀሩት ላይ ነው። መመሪያው ይጽና፤ አባላትም የራሳቸው ያድርጉት።

መልካም በዓል!