አራት ሌሊት በከፋ ደን፦ እንግዳው በማስታወሻው ያልጻፈው



የጉዞ ጽሑፍን የሚመለከት ገለጻ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ የሌሎችን ሥራ ከመተቸት አስቀድሜ የራሴን ብመረምር ይሻላል ብዬ ወሰንሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከፋ ደን ስላደረግሁት ቆይታ የጻፍሁትን አጭር ማስታወሻ ብዙዎቻችሁ በክፍል አንብባችሁታል። በውስጡ «የሰው እጅ ያልነካው ደን» የሚል ሐረግ አለ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ያ ሐረግ ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም ከቃላት ምርጫ ያለፈ መሆኑን ለመናገር ነው።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ከጅማ ተነሥቼ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሬ ቦንጋ ገባሁ። ከዚያም መኪና እስከሚችልበት በመኪና፣ የቀረውን በእግር ተጉዤ በደኑ መካከል ካለች አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ደረስሁ። ከእንጨትና ከቀርከሃ የተሠሩ ጥቂት ጎጆዎች ነበሯት፤ መብራትም ሆነ ስልክ አልነበረም። ሌሊቱን ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል፤ ሲነጋ የጉሬዛዎች ድምፅ ይቀሰቅሳል። ከረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር፣ በጥላው ውስጥ፣ ማንም በመስመር ያልተከለው ቡና ቀይ ፍሬውን ይዞ ቆሟል። የአረቢካ ቡና በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ከከተማ የመጣ ሰው በእንዲህ ያለ ስፍራ ብቻውን ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም። እኔም መሰለኝ።

በሁለተኛው ቀን ደኑን ያሳዩኝ የነበሩ አንድ አዛውንት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሙ። ከላይ፣ ከቅርንጫፎቹ መካከል፣ ቀፎ ተሰቅሏል።

«ይህ ዛፍ የማን ነው?» ስል ጠየቅኋቸው።

«የአባቴ ነበር፤ ዛሬ የእኔ ነው። ያኛው ደግሞ የጎረቤቴ ነው» አሉኝ።

እኔ ዱር ያልሁትን እሳቸው እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ይህን ዓይነቱን በልማድ የጸና የመጠቀም መብት በአካባቢው «ኮቦ» ይሉታል። ቀፎ የሚሰቀልበት፣ ቡና የሚለቀምበት ሁሉ ባለቤት አለው። ኮረሪማውንና ጥምዙንም የሚለቅም ሰው አለ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው ሰው ስላልነካው ሳይሆን፣ የነኩት ሰዎች ለልጅ የሚተላለፍ መብት ስለነበራቸውም ጭምር ነው። የባዮስፌር ሪዘርቭ አሠራርም ቢሆን ይህንኑ ያውቃል፤ ከጥብቅ ቀጠናው ውጭ ሰው የሚኖርባቸውና የሚሠራባቸው ቀጠናዎች አሉት። ይህን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አውቀው ነበር። ሆኖም ማስታወሻዬ ላይ አልሰፈረም።

ከዚህ የከበደው በሦስተኛው ምሽት የሆነው ነው። ቀኑን ሙሉ ዘንቦ ነበር። የማረፊያው ሠራተኞች እንግዶች የሚታጠቡበትን ውሃ በበርሜል ያሞቃሉ። በእኔ ዕድሜ የሚገኝ አንድ ሰው ሸክም እንጨት አምጥቶ ከአጥሩ ሥር አወረደ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ለእሱም ተቀዳለት። ነገር ግን ከስኒዎቹ አንዱን አልሰጡትም፤ እሱም አልጠበቀም። ከኪሱ የራሱን ስኒ አውጥቶ ዘረጋ፤ ከላይ ቀዱለት፤ ዝናቡ ሳያባራ ውጭ ቆሞ ጠጣ።

«ለምን ከእኛ ጋር አይቀመጡም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ እዚያ ይሻለዋል» አለችኝ ቡናውን የምትቀዳው ልጅ።

ሰውየው የማንጆ ማኅበረሰብ አባል ነበር። ማንጆዎች በከፋና በአካባቢው በአደን፣ እንጨትና ከሰልም ከደኑ በማውጣት ሲተዳደሩ የኖሩ፣ በማዕድና በጋብቻ ከሌላው ተለይተው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1897 በወደቀው የከፋ መንግሥት ዘመን የግዛቱን በሮች ይጠብቁ ነበር። ይህንንም ከመጻሕፍት አውቀው ነበር። ያን ምሽት ግን ዝም ብዬ ስኒዬን ጨረስሁ። በሞቀው ውሃም ታጠብሁ። ከዚያ በፋኖስ ብርሃን ማስታወሻዬን ከፍቼ ቀኑን ያየኋቸውን አእዋፍ አንድ በአንድ ጻፍሁ። ስለ ሰውየው አንዲት መስመር አልጻፍሁም።

በማግስቱ እንጨት ሊያደርስ ሲመለስ ወደ እሱ ሄድሁ። ስለ ደን እንደምጽፍ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ደኑን የሚጨርሱት እንጨት ሻጮች ናቸው እየተባለ ይጻፋል አሉ። እርስዎም ይህን ይጽፉ ይሆናል። ትናንት የታጠቡበት ውሃ ግን በእኔ እንጨት ነው የሞቀው።»

መልስ አልነበረኝም። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ከዚያ በኋላም ማስታወሻውን እሱን ሳልጠቅስ ማሳተሜ ነው። ጽሑፉ የሚያምረው ያለ እሱ መስሎኝ ነበር።

ተማሪዎቼ፤ የጉዞ ጸሐፊ የሚዋሸው አብዛኛውን ጊዜ የሌለውን በመፍጠር አይደለም፤ ያለውን በመተው ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ለመስክ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ «ድንግል» ወይም «ያልተነካ» ከማለታችሁ በፊት ዛፉ የማን እንደሆነ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ እናንተ ራሳችሁ ያነደዳችሁትን እንጨት ቁጠሩ። በጫካ ውስጥ ያደረ እንግዳ ከደኑ ተጠቃሚዎች አንዱ ነው፤ ሌላውን ሲወቅስ ራሱን ከሒሳቡ ማውጣት አይገባውም። ሦስተኛ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማንስ ውጭ እንደቆመ መዝግቡ። ስለ «ማኅበረሰብ ተሳትፎ» የምንጽፋቸው ጥናቶች በስብሰባው የተገኙትን ብቻ የሚቆጥሩ ከሆነ፣ የራሱን ስኒ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ውጭ ይቀራል።

ያ ማስታወሻ ከመማሪያ ጽሑፎቻችን መካከል ይውጣ አልልም። በቀጣዩ ሳምንት ክፍል ይዛችሁት ኑ፤ ያን ሐረግ በጋራ እናርመዋለን፤ የጎደለውንም ምሽት በቦታው እናስገባዋለን።