ጉዱ ካሣ አይዘፍንም

ከመርሳ ወደ ወልድያ ስትጓዙ አስፋልቱ ዳር ሲሪንቃን ታገኛላችሁ። ስሟ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የግብርና ምርምር ማዕከሉና የማሽላ ዘሩ ነው። የዛሬው ወጌ ግን ከማሽላው አይደለም፤ እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ካየሁት የተማሪዎች ልምምድ ነው።

የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ልጆች ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብርን ሙዚቃዊ ድራማ ሊያደርጉት ተነስተዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን፣ ከ500 ገጽ የሚያልፈውን መጽሐፍ፣ በአንድ ማሲንቆ፣ በአንድ ከበሮና ከየቤቱ በመጣ ጋቢ! ድፍረታቸውን ወደድኩት።

ሰብለ ወንጌልን የምትጫወተው ልጅ ዜማዋን በባቲ ጀመረች። ድምጿ ያምራል። ግን ፍቅረኛዋ በዛብህ ተለይቷት የምታለቅስ ሳይሆን ሙሽራ አጅባ ሰርግ ቤት የገባች መሰለች። ማሲንቆ መቺው ሳቅ አለ። ደጋኑን በዕጣን አሸት አሸት አደረገና ቅኝቱን ወደ አምባሰል አዞረላት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ከኋላ ሲያወሩ የነበሩት ልጆች ጸጥ አሉ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው፤ አምባሰል ደግሞ ሲሪንቃ ላለችበት ለሀብሩ ወረዳ ሰው ጎረቤት ነው። ልጁ ከሩቅ አላመጣውም።

በዛብህ ላይ ግን አልተስማማንም። ትከሻውን እየሰበቀ በእስክስታ ገባ። ልጄ፣ በዛብህ እኮ የዲማ ተማሪ ነው! በቅኔና በዜማ ያደገ ደብተራ፣ ፍቅሩን እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሸከመው። ለእሱ የሚሆነው ዝግ ያለ፣ ከመቋሚያና ከጸናጽል ጋር የሚሄድ ነገር ነው። የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ግን ማንም ሳያስተምራቸው አገኟቸው፦ ፉከራ። ፊታውራሪ ፎክረው ወጥተው የገበሬዎቹ መሪ የአበጀ በለው ምርኮኛ ሲሆኑ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሙዚቃዊ ድራማ የፈረንጅ ነው የሚል ካለ ይታረም። ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም የቅኔ ቤት መጥተው፣ ከጣልያን ወረራ በፊት ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ ሲያወጡ ተውኔቱን ያለ መዝሙር አልተዉትም። በደርግ ዘመንም የየቀበሌው ኪነት አማተር ነበር፤ ቀን ያረሰ፣ ቀን የተማረ፣ ማታ የሚዘፍን፣ ማታ የሚተውን። ከደሴው የላሊበላ ኪነት እነማሪቱ ለገሰ የወጡት እንዲያ ባለ ዘመን ነው።

የልጆቹ መምህር ግን ሌ ሚዜራብልን በፊልም አይቷል። የቪክቶር ሁጎ ልቦለድ በ1862 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ በ1980 ፓሪስ ላይ ሙዚቃዊ ተውኔት ሆነ። እዚያ ሁሉም ይዘፍናል፤ አሳዳጁ ፖሊስ እንኳ ይዘፍናል። «እኛም ሁሉንም እናዘፍናለን» አለኝ። በመጽሐፉ እብድ ለሚባለው ለጉዱ ካሣም ተቀባይ ያለው ሞቅ ያለ ዘፈን አዘጋጅተውለታል።

እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። የእኔ ትውልድ ጉዱ ካሣን መጀመሪያ ያገኘው በጆሮው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርክልን፣ በአንድ አንደበት ሁሉንም ሰው ሆኖ፣ ሰፈሩ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ ነበር። ጉዱ ካሣን አገሩ «ጉድ» ያለው ሌላው የሚሸፋፍነውን እሱ በቀጥታ ስለሚናገር ነው። እንግዲህ ሁሉም በሚዘፍንበት መድረክ ላይ እብድ የሚመስለው ማን ነው? የሚናገረው ነው። ዘፈን ከሰጣችሁት እኮ እንደ ሰው ሆነ!

ችግሩ፣ ከሁሉም የተሻለ ድምፅ ያለው ልጅ ጉዱ ካሣ ሆኖ ተመድቧል። አኮረፈ። መምህሩ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። በኋላ «እስቲ አንዴ ሞክረው» ተባለ።

ሌሎቹ ዜማውን በእንጉርጉሮ ያዙለት። ልጁ ጋቢውን ጣል አድርጎ መሀል ገባ፤ እንደተቆጣ ተናገረ፣ በደረቁ፣ ያለ ዜማ። እንጉርጉሮው በየተራ እየሳሳ ሄደ። ከበሮ መቺው እጁን እንዳነሳ ቀረ፤ መምታቱን ረስቶታል። ማንም አላስታወሰውም።