ስለ መርሕ እና ስለ ዘመዶቹ ቃላት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ርእሳችን «መርሕ» የሚባለው ቃልና ዘመዶቹ ናቸው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት፣ በቅርቡ ከዚህ ግቢ ስንወጣ ይዘነው የምንሄደውን ነገር ስሙን በትክክል ማወቅ ስለሚገባን ነው። ስሙ ያልታወቀ ነገር በሌላ ነገር ቢለወጥም ባለቤቱ አይነቃበትም።

ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ነው። በግዕዝ «መርሐ» ማለት መራ፣ መንገድ አሳየ ማለት ነው። ስለዚህ መርሕና መሪ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መሥሪያ ቤት የሚያወጣው መመሪያም፣ ሾፌር የሚጨብጠው የመኪና መሪም፣ ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት የበዓሉ መርሐ ግብርም ከዚሁ ግንድ የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ መርሕ ማለት ሰው መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ ወዴት መታጠፍ እንዳለበት የሚነግረው ነው። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ መርሕ ያለውና የሌለው ሰው እኩል ይሄዳሉ። በወንጌል እንደ ተነገረው፣ በዓለት ላይና በአሸዋ ላይ የተሠሩት ሁለት ቤቶች ጎርፍ እስኪመጣ ድረስ ሳይለያዩ እንደ ቆሙ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘመዶቹ እንመለስ። ሕግ አገር የሚያጸናው፣ ሲጣስም ዳኛ የሚፈርድበት ነው። ደንብ ዝርዝሩን ይወስናል፤ ሁላችንም አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ ለብሰን የቆምነው በደንብ ነው። ሥርዓት እያንዳንዱን ነገር በየቦታው ማስቀመጥ ነው፤ እናቶቻችን «ሥርዓት ያዝ!» ሲሉን ቦታችንን እንድናውቅ ነው። ልማድ ግን ደግም ክፉም ይሆናል፤ አባቶች «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። አቋም ደግሞ ከመቆም የወጣ ቃል ነው። ግትር ሰውም ይቆማል፤ ነገር ግን ባለ አቋም የሆነ ሰው ለምን እንደ ቆመ ሲጠየቅ ምክንያቱን ያስረዳል፤ ግትሩ አለመነቃነቁን ብቻ ይነግረናል። ሕሊና በመጨረሻ ይመጣል፤ ይህ ማንም በሌለበት የሚጠይቀን ዳኛ ነው።

በአሰላ ገበያ ሁለት ቋንቋ እየሰማን ያደግን ልጆች አንድ የሚያስገርም ነገር እናውቃለን። በአማርኛ «ሴራ» ማለት በስውር የሚጎነጎን ተንኮል ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ግን «ሴራ» ማለት ሕግ ነው። አንዱ የሚሸሸውን ድምፅ ሌላው ያከብረዋል። ስለዚህ ጎረቤታችን ሲናገር ቃሉን ብቻ ይዘን ብንፈርድ፣ ሕግ ያለውን ሰው ተንኮለኛ ልናደርገው እንችላለን። ትርጉሙን ጠይቆ መረዳት የመከባበር መጀመሪያ ነው።

የአርሲ ሕዝብ ደግሞ «ወዩ» የሚለው ቃል አለው፤ የተከበረ፣ የማይደፈር ማለት ነው። እናት ወዩ ናት፤ አማት ወዩ ናት። ይህ ቃል በሥራ ላይ ሲውል በሲንቄ ይታያል። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ወንዶች ተጣልተው ሊጋደሉ ሲሉ ሴቶች ሲንቄአቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ፣ ጠቡ መቆም አለበት። ያገባች ሴት ከተበደለችም ሴቶቹ ተጠራርተው ሲንቄአቸውን እንደ ያዙ ይወጣሉ፤ በዳዩም ይቅርታ ጠይቆ ካሳ እንዲከፍል ሽማግሌዎች ይሸመግላሉ። ያች በትር ጦርን የምታስቆም ብርቱ ሆና አይደለም። ጦረኛውን የሚያስቆመው፣ ይህን መሥመር ማለፍ ነውር መሆኑን እርሱ ራሱ ማመኑ ነው። በወረቀት ያልተጻፈ መርሕ፣ የሚቆሙለት ሰዎች ስላሉ ብቻ በሕይወት ይኖራል።

የተጻፈ መርሕ ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚሆንም ይኸው አገራችን አስተምሮናል። በአጭር ስሙ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር እዚሁ አሰላን ማዕከል አድርጎ ተጀመረ። መርሑ ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድርም አቀረበ፤ የስንዴው ምርትም አደገ። ነገር ግን እርሻ ትርፍ እንደሚያመጣ ባለመሬቶች ባዩ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አስለቀቁ። ጭሰኛውን ይጠብቀዋል የተባለው የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። የጭሰኝነት ነገር የተቋረጠው የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መልካም መርሕ ሕግ ካልደገፈው፣ ሊረዳው ያሰበውን ሰው ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል ነው።

እነሆ ሦስተኛው ነገር የእኛው የራሳችን ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃንና የፈተና መሰረቅን ለመከላከል ተብሎ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጠ። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። ይህ ቁጥር የኩረጃን ነገር ብቻ አይነግረንም፤ የመጻሕፍት እጥረትም፣ በሽታና ጦርነት ያቋረጠው ትምህርትም በውስጡ አለ። ሆኖም አንድ ጥያቄ ጥሎብን አልፏል፤ ጥበቃና ፍተሻ ሲጠብቅ ብቻ የሚገኝ ሐቀኝነት ስሙ ምንድን ነው? እኛ ደንብን መፍራት እንለዋለን እንጂ መርሕ አንለውም።

በመካከላችን «መተባበር» የሚባል መልካም ቃል አለ። በፈተና ሰዓት መልስ ማቀባበልን በዚህ ስም የሚጠሩት አሉ። ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የተቀመጠ ጓደኛ በጭንቅ ዓይን ሲመለከት እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንናገረውም ቀላል ነው ብለን አይደለም። ነገር ግን በተሰጠው መልስ የሚያልፍ ሰው የሌላውን ቦታ ይይዛል። ያ ሌላው፣ ከአርሲ ደጋ በአንዱ መንደር በኩራዝ ያጠና፣ ከጎኑም መልስ የሚሰጠው ሰው የሌለው ልጅ ይሆናል። ለጓደኛ ማዘን መልካም ነው፤ ግን ከማናየው ሰው ቀምተን ለምናየው የምንሰጥ ከሆነ፣ ሥራችን ልግስና ሊባል አይገባውም። እውነተኛው መተባበር ጊዜው ከፈተናው በፊት ነው። ሒሳብ የገባው ላልገባው ያስረዳ፤ መጽሐፍ ያለው ለሌለው ያውስ፤ ይህን ለማድረግ ገና ሳምንታት በእጃችን አሉ።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ስንሳሳት አርማችሁናል፤ ወደ ፊትም መልሱን ብቻ ሳይሆን ወደ መልሱ የደረስንበትን መንገድ መርምሩልን። ወላጆቻችን ሆይ፤ ውጤት ይዘን ስንመጣ «ስንት አመጣህ? ስንት አመጣሽ?» ከማለት ጋር «እንዴት አድርገህ አመጣኸው? እንዴት አድርገሽ አመጣሽው?» ብላችሁ ጠይቁን። ታናናሾቻችን ሆይ፤ ለነገሮች ትክክለኛ ስማቸውን ስጡ፤ ኩረጃን ኩረጃ፣ ጥናትን ጥናት በሉ።

እኛም ነገ በየመንታ መንገዱ ስንደርስ የሚመራን መርሕ ከዚህ ቤት ይዘን እንድንወጣ፣ የሚቆምለትም ጉልበት እንዲኖረን ፈጣሪ ይርዳን።