ሐይቁ በማን ሒሳብ ውስጥ ነበር?

ተመራቂዎች፣ በምረቃ ቀን እንግዳ ተናጋሪ ለምን እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ፎቶ አንሺው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ከአንድ ሐይቅ ብዙም አልርቅም።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲወጣ፣ አወዳይ ሳይደረስ፣ ሐረማያ አለ። የሐረር ሰው ለአሥርተ ዓመታት የጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነው። ዓሣ ይጠመድበት፣ ወፍ ይውልበት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን ደረቀ። ከብት ተሰማራበት፤ አልፎም ታረሰ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፤ ሐረማያ ላይ እያሳሳቀ የሄደው ራሱ ውሃው ነው።

አሟሟቱን ቀረብ ብለን እንየው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የሚገባለት ከሰማይ የሚወርደውና ከዙሪያው ኮረብታ የሚንቆረቆረው ነው። ኮረብታው ሲራቆት ጎርፉ አፈር ይዞ ወረደና ወለሉን በደለል ሞላው። ከላይ ፀሐይ ያተነዋል። ከዳር ደግሞ ውሃ የሚስበው ሞተር አለ። በዙሪያው የሚበቅለው ጫት በበጋ ዋጋው ይወጣል፤ ዝናብ በሌለበት ወር ለምለም ቀንበጥ ያለው ገበሬ ገበያው የእሱ ነው። ስለዚህ ሐይቁ በጣም በሚጎድልበት ወቅት ከሐይቁ ብዙ ይቀዳል። ገበሬው ትንሿን የናፍጣ ፓምፕ ዳር ላይ ያቆማል፤ ውሃው ሲሸሽ ፓምፑን አስጠግቶ ቱቦውን ያስረዝማል፤ ገና ሲሸሽ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጫቱ ሌሊት ተቀጥፎ፣ ታስሮ፣ ሳይጠወልግ ለመድረስ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር ይበራል።

አሁን ጥፋተኛውን ፈልጉልኝ። ገበሬው ከሩብ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ልጆቹን አስተምሯል። የከተማው ውሃ አገልግሎት ለሕዝቡ ውሃ አድርሷል። ነጋዴው ለአገር የውጭ ምንዛሬ አስገብቷል። የጫቱ ሽያጭ፣ የጉድጓዱ ቁፋሮ፣ ሁለቱም በአገር ገቢ ስሌት ላይ ተደማሪ ሆነው ተመዝግበዋል። ሐይቁ ግን በየትኛውም መዝገብ ተቀናሽ ሆኖ አልተጻፈም። ከደረቀ በኋላ ለሐረር ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው፣ የጉድጓድ ውሃ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሽቅብ እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። ያም ኢንቨስትመንት ተብሎ ተደመረ። ሐይቁን በማጣታችን በወረቀት ላይ ሀብታም ሆንን ማለት ነው።

ደግሞ ይኼ ሁሉ የሆነው ዕውቀት በሌለበት አይደለም። ከሐይቁ አጠገብ በ1940ዎቹ፣ ከኦክላሆማ በመጡ አሜሪካውያን መምህራን እገዛ የተቋቋመ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ። የተቋሙ መምህራን ሐይቁ እያነሰ መሄዱን ለክተዋል፣ ጽፈዋል። መለኪያው ነበር፣ ባለሙያው ነበር፣ ሐይቁም አጠገባቸው ነበር። የጎደለን መረጃ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ሐረማያን አስታውሰዋለሁ።

የጎደለን አተያይ ነው። ሥሩ ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በዕውቀቱ ተፈጥሮን ሊገዛ እንደሚችል ተስፋውን ገልጿል። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ የሰውን ድካም ለማቅለልና ጤናውን ለመጠበቅ ነው ያለው። ክትባቱም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ይኼ የያዝኩት ድምፅ ማጉያም ከዚያ መንገድ የመጡ ናቸውና ውለታውን አልክድም። ነገር ግን አብሮ የመጣ ልማድ አለ፤ ሰውን ከዓለም ውጭ አቁሞ የቀረውን ሁሉ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ማየት። ግምጃ ቤት ውስጥ የሚጠየቀው ምን እንውሰድ ብቻ ነው።

ይህ አተያይ የካፒታሊዝም በሽታ ነው የሚሉ አሉ። የአራል ባሕርን ምን ሊሉት ነው? እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ በስፋቱ ከዓለም አራተኛው ሐይቅ ነበር። የሶቭየት ዕቅድ አውጪዎች ሐይቁን የሚመግቡትን ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ወደ ጥጥ እርሻ አዞሯቸው። ሐይቁ እንደሚጎድል የተረዱ ነበሩ፤ ጥጡ ይበልጣል ተብሎ ተሰላ እንጂ። በዳሩ የነበረችው የሞይናክ ከተማ ዓሣ አጥማጆች ጀልባ አሸዋ ላይ ቀረ። ሶሻሊስቱም ነጋዴውም የሚደምሩት በአንድ ሒሳብ ነበር።

ታዲያ ወደ አባቶቻችን እንመለስ? ይኼን ጥያቄ በጥንቃቄ ነው የምይዘው። በደቡብ ጎንደር በአውሮፕላን ያለፈ ሰው በተራቆተ ማሳ መካከል ክብ ክብ ደኖችን ያያል፤ በእያንዳንዱ መሐል ቤተ ክርስቲያን አለ። በሐረርም አዋች የሚባሉት የቅዱሳን መቃብሮች ብዙዎቹ ያለ ዛፍ አይታሰቡም። እነዚህ ዛፎች የተረፉት ስንት ብር ያወጣሉ ተብለው ስላልተጠየቁ ነው፤ ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከደብሩ አጥር ወዲያ ያለውን የጨረሰውስ ማን ነው? ፈረንጅ አይደለም። አጥሩ ውስጥ ያለውን ቅዱስ ያለው እምነት ከአጥሩ ውጭ ላለው ዝም ብሏል። ዛሬ ደግሞ አጥሩ ውስጥም ባሕር ዛፍ እየገባ ነው። ከአባቶች የምንወርሰው አለ፤ ግን እንዳለ ተጠቅልሎ የሚወሰድ መልስ የለም።

ሕጉስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን አስፍሯል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ነው፤ ልብ በሉ፣ ሐረማያ በሚደርቅበት ዘመን። አዋጁ ግን የሚያየው ፕሮጀክት ነው። ፋብሪካ ይታየዋል፣ ግድብ ይታየዋል። በየዳሩ የቆሙ ትናንሽ ፓምፖች አንድም ቀን ፕሮጀክት ሆነው አያውቁም።

ቴክኖሎጂም ብቻውን አያድነንም። ጠብታ መስኖ በብዙ ቦታ ገብቶ ውሃ አልተረፈም፤ የተቆጠበው ውሃ ሌላ ማሳ ተከፍቶበታል። ሒሳቡ የሚጀምርበት ቦታ ካልተቀየረ መሣሪያው ቢቀየር ምን ይፈይዳል? ዛሬ የምንጀምረው ከፍላጎታችን ነው፤ ለከተማው ይህን ያህል፣ ለጫቱ ይህን ያህል፣ የተረፈው ለሐይቁ። እኔ የምለው ከሐይቁ እንጀምር ነው። በዓመት ስንት ገባ፣ ስንት ተነነ፣ ምን ያህል ካልቀረለት ሐይቅ መሆኑ ያበቃል? ክፍፍሉ ከዚያ በኋላ ነው። ይኼ በነጻ አይመጣም። አንዳንዱ ገበሬ በበጋ ጫት አያጠጣም ማለት ነው፤ ኪሳራውን ለእሱ ብቻ ትተን ስለ ተፈጥሮ ብንሰብክ ግን ግፍ ነው። ታች ሆኖ የሚጠጣው ከተማ፣ ላይ ላለው ገበሬ መክፈል አለበት። ይኼን ስል የከተማ ሰዎች ፊት እንደሚጨፈግግ አውቃለሁ፤ ከነዚህም አንዱ ነኝ።

ሐረማያ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ ይዟል። ጥሩ ዝናብ ረድቶታል፣ በተፋሰሱ የተሠራው ሥራም ድርሻ አለው። ደስ ይላል። ግን ጫቱ ገበያ አላጣም፣ ፓምፑም ከገበያ አልጠፋም፤ ሁለተኛው ዕድል በምን ሒሳብ እንደሚያዝ ገና አልተወሰነም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እናንተ ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ የአዋጭነት ጥናት ሲዘጋጅ ታያላችሁ። አካባቢ የሚለው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሌላ ጥናት ተገልብጦ ነው የሚገባው፣ አንዳንዴ የሌላውን ወረዳ ስም እንደያዘ። ማንም የማይፈልገው ሥራ ለጀማሪ ነውና ያን ምዕራፍ ለእናንተ ይሰጧችኋል። ተቀበሉት። ቦታው ድረስ ሂዱ፣ ውሃውን ለኩ፣ ከሌሎቹ ምዕራፎች ቀድማችሁ ጻፉት። ቁጥራችሁ ከሌላው ምዕራፍ ቁጥር ጋር ሲጣላ የአለቃችሁን በር አንኳኩ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ሥራ በጀመረ በዓመቱ ከአለቃው ጋር ተጣላ የሚል ወሬ ከሰማችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት በየትኛው ቁጥር እንደተጣሉ ጠይቁት።