ታሪካችን በራሳችን ስም
(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ድረ ገጽ ነው፤ ነገሩን የጀመረችው ግን አንዲት እኅታችን ናት። ከዓረብ አገር ስትመለስ የደረሰባትን ጽፋ በዚህ መጽሔት አወጣችው። ከወራት በኋላ ያው ጽሑፍ ከነፎቶዋ በሌላ ሰው የፌስቡክ ገጽ ላይ ተገኘ። ስሟ የለም፤ የተቋቋመችበት የእንጀራ ሥራም ተቆርጧል። የቀረው ለቅሶው ብቻ ነበር። ልጇ በጓደኛው ስልክ አይቶት መጣ። ያን ቀን የምናጽናናበት ቃል አጣን።

ከዚያ ወዲህ የምንጽፍ አባላት የየራሳችንን ገጽ መሥራት ጀመርን። የተማርነው ይህ ነው።

አንደኛ፣ ስም። «ፀሐይ» በሁለቱም «ጸ» ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ደግሞ ሁላችንም በመሰለን እንጽፈዋለን። በአንዱ የፈለገን በሌላው ላያገኘን ይችላል። ስለዚህ አንድ አጻጻፍ መርጠን በሁሉም ቦታ እሱኑ እንያዝ። ስሟን መግለጥ የሚያሰጋት በብዕር ስም ትጻፍ፤ ነውር የለበትም።

ሁለተኛ፣ «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል። መጀመሪያ እንደ ሥራ ማመልከቻ ጻፍነው፦ ልደት፣ ትምህርት፣ የምስክር ወረቀት። ለራሳችንም ሰለቸን። ቡና አፍልተን «ለምን መጻፍ ጀመርሽ?» ብለን ስንጠያየቅ ግን ታሪኩ መጣ። አንዷ በልጅነቷ ለሰፈሩ ሴቶች ደብዳቤ ትጽፍላቸው እንደነበር ያስታወሰችው ያኔ ነው። ገጿ የሚከፈተው በዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤቱ የራስ ይሁን። የፌስቡክ ገጽ የኪራይ ቤት ነው፤ ከተዘጋ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል። በስማችን የተመዘገበ አድራሻ በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ እንዳንረሳው እንደ ዕድር ገንዘብ ያዥ መርጠናል። ቅጂውንም ለብቻው እናስቀምጣለን።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በስማቸው ነበር። እኛም ከዚያ ማነስ የለብንም።

ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፎቶአችንንና ታሪካችንን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁን፤ የፈቀደችውንም በመረጠችው ስም ጥሯት።

ያች እኅታችን ታሪኳን እንደገና ጽፋ በራሷ ገጽ አውጥታለች። ይኸኛው የሚያልቀው ምጣዷ አጠገብ ነው። ልጇ ለጓደኞቹ ያሳየው እሱ ራሱ ነው።