የፀረ ተባይ መድኃኒት አሠራርና አጠቃቀም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች የተነገረ)



አብዛኞቻችን የገበሬ ልጆች ነንና፥ ዛሬ የምንናገረው ለእርሻ ስለምንገለገልባቸው ፒሬትሮይድ ስለሚባሉት ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ነው።

መሠረታቸው አበባ ነው። በኬንያ ደጋ የሚለማው የፒሬትረም ነጭ አበባ ደርቆ ሲፈጭ ተባይ ይገድላል። ነገር ግን ፀሐይ ሲያገኘው ኃይሉ ቶሎ ስለሚጠፋ ለእርሻ ብዙ አልበጀም። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካውያን ሊቃውንት የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ አምሳያ አስታወቁ፤ ፀሐይን የሚችለውን ፐርሜትሪንን ግን በ1973 ያስታወቁት በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ የነበሩት ማይክል ኤሊየትና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በነርቭ ላይ መልእክት የሚተላለፈው ሶዲየም የሚገባባቸው ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ወዲያው ሲዘጉ ነው። ፒሬትሮይድ በሩ እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ነርቩም መልእክቱን ሳያቋርጥ ይደጋግማል፤ ትሉ ይንቀጠቀጣል፥ ይዝላል፥ ይሞታል። በሰው አካል ውስጥ ጉበት መርዙን ቶሎ ስለሚያፈርሰው ጉዳቱ ያነሰ ነው። ዓሣንና ንብን ግን በጥቂቱም ይገድላል፤ ተባዩን እየበሉ የሚረዱንን ጥንዚዛዎችና ሸረሪቶችም አይምርም።

ደጋግመው ሲረጩትም ተባዩ ይለምደዋል። በሩ የተለየ የሆነ፥ ወይም መርዙን ማፍረስ የሚችል ጥቂት ትል ይተርፋል፤ የሚወልደውም እንደ ራሱ ነው። በ1983 በአውስትራሊያ፥ በኩዊንስላንድ የጥጥ እርሻ የሆነው ይኸው ነው፤ ትሉ አልሞት አለ። ከዚያ በኋላ ፒሬትሮይድ በወቅቱ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲረጭ ተደረገ።

በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ደግሞ በበቆሎው እምብርት ተሸሽጎ ስለሚበላ፥ ካደገ በኋላ ቢረጩበት መርዙ በደንብ አይደርሰውም። ስለዚህ ማሳን ቶሎ ቶሎ ማየትና ትሉን በእጅ መልቀም ይጠቅማል።

መርጨት ግድ ሲሆን፥ መጠኑ ከታዘዘው አይለፍ፤ ሰብል ሲያብብ ንብ በምትሰማራበት ሰዓት አይረጭ፤ መርጫው በወንዝ አይታጠብ፤ መድኃኒቱ ከሌላ ዓይነት ጋር ይፈራረቅ፤ ባዶው ዕቃም ውሃ መቅጃ አይሁን።

በዕቃው ላይ የተጻፈውን ለወላጆቻችን አንብበን ማስረዳት የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። ፊደል ላስቈጠሩን የምንመልሰው ትንሹ ውለታ ይህ ነው።