ከመሄዷ በፊት የመመለሻዋ ሒሳብ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በሒሳብ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ እንጨርሳለን ብለን ቃል ስለገባን በቀጥታ ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

በዚህ ወር ከቀረቡልን የብድር ማመልከቻዎች ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ለልጅ፣ አንዱ ለራሷ ለአባላችን ነው፤ በሦስቱም ላይ ምክንያቱ «ለውጭ ጉዞ» ተብሎ ተጽፏል። የሚፈለገው የብር መጠንም አለ። በምን ቪዛ እንደምትሄድ፣ ስንት ዓመት እንደምትቆይ፣ ደመወዟ ስንት እንደሆነና በምን ገንዘብ እንደምትመለስ ግን በአንዱም ላይ አልተጻፈም።

ሂዱ ወይም አትሂዱ ለማለት አልመጣንም። ልጆቻችን በፋብሪካም በሆቴልም ገብተው እየሠሩ የቤት ኪራይና የቀለብ ከተከፈለ በኋላ ምን እንደሚተርፋቸው እዚህ የተቀመጥን ሁላችን እናውቃለን። ስለ ሪያድና ስለ ቤይሩት ብታስብ የሚፈርድባት የለም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የሁለት ዓመት ኑሮ በሰው አገር ሊኖር የታሰበ ከሆነ፣ ሒሳቡ እዚህ ሐዋሳ ተቀምጠን፣ ሳትሄድ በፊት ይሠራ።

ለምን ይህን እንደምንል ለማስረዳት የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ታሪኩ የአንዲት እህታችን ነው፤ ስሟ እንዳይጠራ ነግራን እንድንናገረው ፈቅዳልናለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮንትራት ሄዳ አራት ዓመት ሠራች። ገንዘቡን በየወሩ ለወንድሟ ትልክ ነበር። ስምምነታቸው ከሚላከው ላይ የማኅበራችን ቁጠባ እንዲከፈል፣ የቀረው ደግሞ ለቤት መሥሪያ እንዲቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቁጠባው በሰዓቱ ይገባ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ቀረ።

እኛ ምን አደረግን? ሦስት ወር ጠበቅንና በመዝገቡ ላይ «አቋርጣለች» ብለን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍን። የውጭ ስልኳ በእጃችን ነበረ። አልደወልንም።

ስትመለስ ደብተሯን ይዛ መጥታ «የእኔ ስንት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችን። ከአርባ ስምንት ወር ውስጥ የገባው የአሥራ ሰባቱ ብቻ ነበር። የተቀረው በእናቷ ሕክምና፣ በወንድሟ ሠርግና በየጊዜው በተነሳው ችግር ሁሉ አልቋል። ሰረቀ የሚባል ሰው የለም። ችግር በመጣ ቁጥር ሁሉም «እሷ ትልካለች» አለ እንጂ። ሠርጉ ላይ እኛም ተጠርተን በልተናል። ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት የሰው ሒሳብ እየዘጋን፣ የእህታችንን ሒሳብ ሳናይ አለፍነው።

ስለዚህ ከቪዛው እንጀምር። ቪዛ ስንል ብዙዎቻችን «ወጣላት» ወይስ «አልወጣላትም» ብለን ብቻ ነው የምንጠይቀው። መጠየቅ ያለበት «ምን ዓይነት ነው?» ተብሎ ነው። የሥራ ቪዛ አለ፤ ከአሠሪ ጋር ኮንትራት አለው፣ ስትደርስም ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ይወጣላታል። የጉብኝት ቪዛም አለ፤ ደላሎች «ቪዚት ይበቃል፣ እዚያ ስትደርሺ ይቀየራል» የሚሉት። በጉብኝት ቪዛ መሥራት አይፈቀድም። ዱባይን ብንወስድ፣ ቪዛው ካለቀ በኋላ የሚቆጠረው ቅጣት በቀን 50 ድርሃም ነው። አንድ ወር ሲያልፍ 1,500፣ ሦስት ወር ሲያልፍ 4,500 ድርሃም ይሆናል። ልጅቷ ደመወዝ ሳትቀበል ዕዳዋ በየሌሊቱ ያድራል፤ ደመወዟን የከለከላትን ሰው ለመክሰስም ትፈራለች፣ ምክንያቱም ራሷ ከፈቃድ ውጭ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ይህን ለይቶ አስቀምጦታል፤ በ2013 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድን ዋስትናው በአሠሪው ላይ ነው። በሠራተኛዋ ላይ የሚወድቀው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መጥቶ «ለቪዛና ለትኬት» ብሎ ገንዘብ ከጠየቃችሁ፣ የሚጠይቃችሁ የአሠሪውን ዕዳ ነው።

ሕጉ ያልዘረዘረው ግን ከኪስ የሚወጣ ወጪም አለ። መደበኛው ፓስፖርት 5,000 ብር ሆኗል፤ በአስቸኳይ ሲሆን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀድሞ ማውጣት ራሱ ቁጠባ ነው። ለምርመራና ለወረቀት አዲስ አበባ ስትመላለስ የአውቶቡስ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለ። ዘመድ ቤት ብታርፍም ባዶ እጇን አትሄድም። ይህንን በዝርዝር ጻፉት፤ ካልተጻፈ በአራጣ የሚገኝ ገንዘብ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ሒሳብ እንምጣ። ሳዑዲን እንውሰድና የብዙዎቹን ኮንትራት 1,000 ሪያል ደመወዝ እናስብ። በሁለት ዓመት 24,000 ሪያል ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ 6,400 ዶላር ማለት ነው። ቤተሰብ የሚሰማው ይህን ቁጥር ነው። እስቲ እንቀንስ። ቅነሳው የእኛ የጥንቃቄ ግምት ስለሆነ እናንተ በራሳችሁ ኮንትራት ልክ ቀይሩት።

ደመወዝ ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላልና የሁለት ወር፣ 2,000 ሪያል አውጡ፤ 22,000 ቀረ። ምግብና ማደሪያ በአሠሪው ቢሆንም የስልክ ካርድ፣ የንጽሕና ዕቃ፣ መድኃኒት፣ ልብስ አለ፤ በወር 150 ብንል በሁለት ዓመት 3,600 ነው፤ 18,400 ቀረ። ለመላኪያ በአንድ ጊዜ 20 ብንል ለ22 ጊዜ 440 ነው፤ 17,960 ቀረ። ከመሄዷ በፊት የተበደረችው 1,000 ሪያል ይሁን፤ 16,960 ቀረ። በመጨረሻ የማይነካ 3,000 ሪያል እንለይ፤ ይህ የመመለሻ ነው። አሁን 13,960 ሪያል ቀረ። ለሃያ አራት ወር ስናካፍለው በወር 580 ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 300ውን ለቤተሰብ፣ 280ውን በራሷ ስም ብናደርገው፣ ስትመለስ 6,720 ሪያል የራሷ ይኖራታል። እንግዲህ እናት ሆይ፣ ልጅሽ 1,000 አገኘች ተብሎ ሲነገርሽ ያንቺ ድርሻ 300 ነው። ይህን ሳትሄድ መስማት ከሄደች በኋላ ከመቀያየም ይሻላል።

ሒሳቡን በሪያል የሠራነው በምክንያት ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 15 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሪያል በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። በብር ሲታይ የተላከው የበዛ መሰለ፤ ቆርቆሮውና ዘይቱም አብሮ ወጣ። ስለዚህ በብር ብዛት አትደሰቱ፤ ስንት ቆርቆሮ ይገዛል ብላችሁ ጠይቁ።

የማይነካውን 3,000 ሪያል «ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትኬቱ የአሠሪው አይደለም ወይ? ነው። ግን ሁለት ነገር አስታውሱ። በ2006 ከሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የሠሩበትን እንኳን ሳይቀበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮናም ተጨምሮበት፣ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ሴቶቻችንን ቤይሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። ሻንጣቸውን ተደግፈው መንገድ ላይ ያደሩትን በቴሌቪዥን አይተናል። ኮንትራት ሊፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ በእጇ ያለው ገንዘብ ነው የሚያሳፍራትም፣ ቤቷ ገብታ ሦስት ወር የሚያቆያትም።

ሌላም አለ። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በ2021 የሠራተኛ ሕጓን ስታሻሽል ያለ አሠሪ ፈቃድ ከአገር መውጣትን ለብዙዎች ፈቅዳለች፤ የቤት ሠራተኞች ግን አልተካተቱም። ስለዚህ ፓስፖርቷን አሠሪው ቢይዝባት እንኳ ቅጂው በሌላ ሰው እጅ መኖር አለበት። ሪያድ ኤምባሲያችን፣ ጅዳ ቆንስላችን አለ፤ ስልካቸውን በስልኳ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ጽፋ ትያዝ። መጀመሪያ የሚወሰደው ስልኩ ነውና።

ስለ ባንክም አንድ ቃል። ደብተሯን በራሷ ስም ከፍታ ትሂድ። ከአንድ ዓመት በላይ በውጭ የምትኖርና የምትሠራ ከሆነ፣ በውጭ ገንዘብ የሚቀመጥ የዳያስፖራ ሒሳብ የሚከፍቱ ባንኮች አሉ፤ ሐዋሳ ባሉት ቅርንጫፎች ጠይቁ። ለወንድም፣ ለአባት፣ ለባል ውክልና ከተሰጠ በገደብ ይሰጥ።

ስለዚህ ኮሚቴው ለሦስቱም ማመልከቻዎች፣ ወደፊትም ለሚመጡት፣ አራት ነገር እንዲጸድቅ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ማኅበሩ የሚያበድረው ሕጉ በሠራተኛዋ ላይ ለጣለው ወጪና ለመንገዷ ብቻ ይሁን፤ ለደላላና ለጉብኝት ቪዛ አንዲትም ብር አይውጣ። ሁለተኛ፣ የፓስፖርቷ፣ የቪዛዋና የኮንትራቷ ቅጂ ከአሠሪዋ ስልክ ጋር በማኅበሩ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ከመሄዷ በፊት ቤተሰቧ እዚህ መጥቶ፣ ቡና ጠጥተን፣ በወር የሚደርሰው ስንት እንደሆነ ተነጋግሮ ይፈርም። አራተኛ፣ ቁጠባዋ ለሁለት ወር ከቀረ እኛ እንደውል፤ ለወንድሟ ሳይሆን ለራሷ።

አራተኛውን ያስጻፈችን ያቺ እህታችን ናት። ታሪኩን እንድናገረው ስንለምናት «ንገሩ፤ ግን ለሚቀጥለው ደውሉ» አለችን። ዛሬም እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። ባለፈው ወር ቁጠባዋን በገዛ እጇ አምጥታ እንደገና ጀምራለች፤ በቀይ የጻፍንበትን ገጽ ግን እንዳንቀደው ጠይቃናለች። አልቀደድነውም።

ሐሳባችሁን አሁን እንስማ፤ ከዚያ እጅ እናወጣለን።